ሽምግልናው ላይ እንዳትቀመጥ

ሲያትል፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ይበልጣል፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እትዬ ውዴ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? የዘንድሮው ጤፍ ዝናብ ሳይመታው ደረሰላችሁ? እኔም ልጄም ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ ነገርከኝ፣ ስለ ተደፈረችው የ12 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው። ያን ቀን ቃል አጣሁ። «ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወስዳችኋታል?» ከማለት በቀር ከአፌ የወጣ ነገር የለም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ያልነገርኩህን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በወረቀት አድርጌ ልኬልሃለሁ።

እንደ ነገርከኝ ከሆነ ሰውየው ጥፋቱን ለሽማግሌ አምኗል። ለአባትየው አንድ በሬና ገንዘብ ይክሳል፤ ልጅቷም ስሟ ሳይነሣ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። አንተም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነህ እንድትቀመጥ ተለምነሃል። ጋሼ፣ አንተ የተቀመጥክበት እርቅ እንደማይፈርስ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የድንበር ጠብ አብርደሃል፣ ደም የተቃባ አስታርቀሃል፤ በዚህም ስኮራብህ ነው የኖርኩት። ይህኛው ግን የእርቅ ጉዳይ አይደለም። በማርያም ይዤሃለሁ፣ እዚያ ሽምግልና ላይ እንዳትቀመጥ።

እዚህ የደረሰብኝን አንድ ነገር ላጫውትህ። ባለፈው መጋቢት ከሌሊት ሥራ ስመለስ ከፖስታ ሳጥኔ ውስጥ አንድ ወረቀት አገኘሁ። የሰው ፎቶግራፍ አለበት፤ መነጽር ያደረገ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ መንገድ ላይ ባገኘው ቀድሜ ሰላም የምለው ዓይነት ሰው። ከሥሩ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቁመቱ፣ በሕፃን ላይ ፈጽሞ የተፈረደበት ወንጀልና አሁን የሚኖርበት መንገድ ተጽፏል። የቤቱ ቁጥር የለም፤ መንገዱ ግን ልጄ አውቶቡስ ከምትጠብቅበት ቦታ ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው የሚርቀው። ቁርሴን ሳልቀምስ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከታች ደግሞ ሰውየው ቅጣቱን የጨረሰ መሆኑን፣ ፖሊስ እንደማይፈልገውና ማንም ሊያስፈራራው ወይም ሊጎዳው እንደማይፈቀድለት ተገልጿል።

ያን ጊዜ ነበር ነገሩን ጠይቄ የተረዳሁት። እዚህ ግዛት በእንዲህ ያለ ወንጀል የተፈረደበት ሰው እስራቱን ሲጨርስ አይለቀቅም ማለት ይቻላል። በሚኖርበት አውራጃ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የሥራ ቦታውን፣ አሻራውንና ፎቶግራፉን ያስመዘግባል። ቤት ሲቀይር በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ቋሚ ቤት ከሌለው በየሳምንቱ በአካል እየቀረበ የት እንዳደረ ይናገራል። ሳያስመዘግብ ከቀረ ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እንደገና ያሳስረዋል። ሁሉንም በአንድ ዓይን አያዩም፤ እንደገና የማጥፋት ሥጋታቸው ተመዝኖ በሦስት ደረጃ ይመደባሉ፤ ለጎረቤት እንዲህ በወረቀት የሚነገረው በዋናነት ሥጋቱ ከፍተኛ ስለሆነው ስለ ሦስተኛው ደረጃ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ምዝገባው እንደ ወንጀሉ ክብደት 15 ዓመት፣ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ከአገር ሊወጣ ሲል ከ21 ቀን በፊት ያሳውቃል፤ በሕፃን ላይ ጥፋት የፈጸመ ከሆነ ፓስፖርቱ ላይ ሳይቀር ይጻፍበታል።

ይህ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የወላጆች ዕንባ ያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ጀርሲ በሚባለው ግዛት ሜጋን የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚኖር ሰው ቡችላ ላሳይሽ ብሎ ጠርቶ ገደላት። ያ ሰው ከዚያ በፊት በሕፃናት ላይ ባደረሰው ጥቃት ሁለት ጊዜ ተፈርዶበት ነበር፤ ወላጆቿ ግን ይህን አያውቁም። ማን አጠገባችን እንደሚኖር የማወቅ መብት ይሰጠን ብለው ተነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በስሟ የሚጠራው ሕግ ለመላው አሜሪካ ወጣ። እኔ ያለሁበት የዋሽንግተን ግዛት እንኳ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር ለጎረቤት ማሳወቅን የደነገገው።

ያን ወረቀት ይዤ ቆሜ ሳለሁ ትዝ ያለኝ ወፍጮ ቤቱ ነው፣ ጋሼ። አንተ ወንድ ስለ ሆንክ ምናልባት አታውቀው ይሆናል። እናታችን እህሉን በስልቻ አስራ ስታሸክመኝ «ከነ አለሚቱ ጋር ሂጂ፤ ብቻሽን እንዳትገቢ» ትለኝ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃት ዓይኗን ከእኔ መልሳ ስልቻውን እንደገና ታጠብቀዋለች። የአለሚቱም እናት እንዲሁ፣ የሌሎቹም እንዲሁ። ዱቄት ለብሶ በር ላይ የሚቆመውን ያን ሰው ሴቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድም አፍ ግን ስሙን አያነሣም። እሱ ማኅበር ይጠጣል፣ ሰርግ ቤት በክብር ይቀመጣል። ከእኛ መካከል አንዷ ከ4ኛ ክፍል ድንገት ቀርታ በጥድፊያ ተዳረች። ምን ሆና እንደ ነበር የገባኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

እኛም ዘንድ መዝገቡ ነበረ ማለት ነው፣ በእናቶች ሆድ ተከትቶ። እዚህ ያለው መዝገብ ሰውየውን «እዚህ አትቅረብ፣ እዚያ አትሥራ» ይለዋል። የእናቶቻችን መዝገብ እኛን ሴቶቹን ነበር «በዚህ አትሂጂ፣ በዚያ አትውጪ» የሚለን። መንገድ የቀየርነው እኛ ነን፤ ትምህርት የተወችው እሷ ናት። አሁንም በሬው ለአባትየው ተሰጥቶ ሲያልቅ ውኃ ስትወርድ መንገድ የምትቀይረው ያቺ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ሰውየው እዚያው ነው፤ በየገበያው ታየዋለች።

እዚህ ያለው ሥርዓት እንከን የለውም እያልኩህ አይደለም። አንዳንድ ከተማ ከትምህርት ቤትና ከመጫወቻ ሜዳ በተወሰነ ርቀት ውስጥ መኖርን ይከለክላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ማያሚ አካባቢ ክልከላው 760 ሜትር ገደማ ስለ ነበር የሚኖሩበት ቤት አጥተው ለዓመታት ድልድይ ሥር የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። ቤትና ሥራ ያጣ ሰው ይበልጥ ያስፈራል እንጂ ልጅ ይጠብቃል ብዬ አላምንም። ሌላም አለ፤ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት ለፖሊስ ከደረሱት በልጆች ላይ ከተፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶች 93 በመቶው የሚያውቁት ሰው የፈጸማቸው ነበሩ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቤት ወዳጅ። መዝገቡ የሚያውቀው ደግሞ የተከሰሰውንና የተፈረደበትን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስለ አንተ ሽምግልና የምጨነቀው፤ እናንተ ዘንድ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች እርቁን በጨረሱ ቁጥር አንድ ስም ሳይጻፍ ይቀራል፤ ሌላ መንደር ሄዶም ወፍጮ ቤት ሊከፍት ይችላል።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ 13 ዓመት ባልሞላ ልጅ ላይ ይህን የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ይህ አባትየው ይቅር ስላለ የሚቀር ክስ አይደለም፤ ክሱ የመንግሥት ነው። «ስሟ ይጠፋል» ስላልከኝም፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በዝግ ችሎት ማየት ይችላል። ዐቃቤ ሕጉን ይህን ጠይቁት።

አባትየውን አልቀየመውም። ደሃ ነው፤ ክስ ማለት ምልልስ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ከሥራ መቅረት ነው፤ የሰውየውም ዘመድ ብዙ ነው። ስለዚህ የምትችለውን ልጠይቅህ። ሽማግሌነትህን ለእነሱ ስጣቸው፤ ከአባትየው ጋር ፖሊስ ጣቢያ አብረህ ግባ፤ ሰው አንተን ካየ አይደፍራቸውም። ጤና ጣቢያ የሰጧትን ወረቀት አደራ እንዳይጠፋ፣ እትዬ ውዴ ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጥላት። ልብሷን ካላጠቡት እንዳለ ለፖሊስ ይስጡ። ልጅቷን ማንም ደጋግሞ አይጠይቃት፤ ቃሏን ሴት ፖሊስ እንድትቀበላት ለምኑ። እትዬ ውዴ አትለያት፤ ያቺ ልጅ አሁን የምትሰማው የሰው ዝምታ ብቻ እንዳይሆን።

ለመመላለሻ የሚሆን ገንዘብ በአንተ ስም በባንክ ልኬአለሁ፤ ቁጥሩን በስልክ እነግርሃለሁ። ከእሱ ላይ ለልጅቷ ደብተርና ጫማ ግዛላት፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ትምህርት ቤት እንድትመለስ፣ ካስፈራትም ያንተ ልጅ እያደረሰ ይመልሳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ምን እንዳሏችሁ ንገረኝ። እሷም አጠገብህ ካለችና ፈቃዷ ከሆነ ስልኩን ስጣት።

ታናሽ እህትህ
ይታክቱ