የማስፈልፈያ ማሽኑ መመሪያ ለደጋ አልተጻፈም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከ48 እንቁላል 12 ጫጩት ብቻ የወጣለት ሰው መጀመሪያ የሚራገመው ማሽኑን ነው። ሻጩም ሲሸጥለት ሶኬት ሰክቶ 21 ቀን መጠበቅ ብቻ የሚበቃ አስመስሎ ነግሮታል። ብዙ ጊዜ ግን ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ያሳሳተው አብሮት የመጣው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር ነው። እኛ ደግሞ ማሽኑን የምንሰካው አዲስ አበባ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው።

ከፍታው ምን ያመጣል? የእንቁላል ቅርፊት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በነዚህ በኩል ውሃ ይተናል፣ ጽንሱም ይተነፍሳል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እንቁላሉ ውሃውን ቶሎ ያጣል፣ የሚያገኘው ኦክስጅን ደግሞ ያንሳል። ሁለቱ ጣጣዎች የሚጠይቁት መፍትሔ እርስ በርሱ ይጋጫል። እርጥበት ለመያዝ ብሎ የአየር ቀዳዳውን በጨርቅ የሚወትፍ ሰው እንቁላሉን ከድርቀት አድኖ ጫጩቱን ያፍነዋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ቀዳዳው ክፍት ይሁን፣ እርጥበቱ በውሃ ይካካስ። የውሃው ጥልቀት ለውጥ አያመጣም፤ የሚተነው ከላይ ካለው ገጽ ስለሆነ ዕቃውን ከመሙላት ሰፋ ያለ ዕቃ መጠቀም ወይም ስፖንጅ ነክሮ ማቆም ይሻላል።

ወረቀቱ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይላል። መነሻ ይሁን እንጂ እንደ ሕግ አይያዝ። በጥር ደረቅ አየርና በነሐሴ ዝናብ ያው ማሽን ያው ውሃ ተጨምሮበት ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ለመፈተን የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርጥቦ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ጠዋት 75 በመቶ ካላሳየ የሚሳሳትበት ልክ ታወቀ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚታመነው ግን የወጥ ቤት ሚዛን ነው። እንቁላል በ18 ቀን ውስጥ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። አሥር እንቁላል በእርሳስ ምልክት ተደርጎባቸው አብረው ይመዘኑ። ሲገቡ 600 ግራም ከነበሩ በ7ኛው ቀን 572፣ በ14ኛው 544፣ በ18ኛው 528 አካባቢ መሆን አለባቸው። በ7ኛው ቀን 560 ከሆኑ እየደረቁ ነውና የውሃው ገጽ ይስፋ። 585 ከሆኑ ውሃው በዝቷል። ውሃ ከመጠን በላይ ያጣ ጫጩት አንሶና ከቅርፊቱ ውስጥ ካለው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያላጣው ደግሞ አብጦ የሚተነፍስበት የአየር ክፍተት ይጠበዋል፤ ሲከፈት እርጥብ ሆኖ ሞቶ የሚገኘው እሱ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ስለሆነ ከፈረንጁ ጋር ተቀላቅሎ ሲመዘን ስሌቱ ይበላሻል፤ ለየብቻ ይመዘን።

ሙቀቱ ላይ ወረቀቱ ልክ ነው፦ ማራገቢያ ላለው ማሽን 37.5 ዲግሪ፣ ለሌለው ደግሞ በእንቁላሉ አናት ከፍታ ሲለካ ከ38.5 እስከ 39። የማሽኑ መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር ግን መፈተን አለበት። በፈላ ውሃ መፈተን ለኛ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ደህናውን መለኪያ ተበላሽቷል ብሎ ያስጥላል። በተከካ በረዶና ውሃ 0 ዲግሪን ማየት ይቻላል። ከዚህም የሚሻለው የሰው ትኩሳት መለኪያ ነው፤ የምንፈልገው ሙቀት እሱ በደንብ የሚያነብበት ክልል ውስጥ ነው። የብርጭቆው ዓይነት የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ስለሚቀር ከመግባቱ በፊት ተራግፎ ይውረድ። ጫጩት በ19ኛው ቀን እምብርቱ ሳይዘጋ ከወጣ ሙቀቱ በዝቶ ነበር። እስከ 22 እና 23ኛው ቀን ከዘገየ አንሶ ነበር።

እንቁላሉስ? ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል ማሽን ውስጥ መክተት መብራት ማባከን ነው፤ አውራ ከሌለበት ቤት የመጣ ነው። ከአርቢ ሲገዛ ለስምንት ወይም ለአሥር ሴት አንድ አውራ መኖሩን በዓይን አይቶ፣ ከተጣለ ሰባት ቀን ያላለፈውን፣ ያልታጠበውን፣ ያልተሰነጠቀውን መምረጥ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ እንቁላል ከደጋው ያነሰ ይፈለፈላል፤ ደጋ የከረመች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ውሃ የሚያሳልፈው በቁጥብ ነው። በመኪና ሲንገጫገጭ የመጣ ደግሞ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ አንድ ሌሊት ይረፍ። ስለ ዝርያም አንድ ነገር፦ ቦቫንስም ሳሶም ድቅል ስለሆኑ ከእንቁላላቸው የሚወጣው ጫጩት እናቱን አይመስልም። ኮይኮክና ሆሮ ግን ዘራቸውን ይደግማሉ።

መብራት ሲጠፋ የሚፈጠረው ድንጋጤ ከመጥፋቱ የበለጠ ይጎዳል። ታቃፊ ዶሮ በየቀኑ 15 እና 20 ደቂቃ ጎጆዋን ትታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል እንጂ አይሞትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክዳኑን ሳይከፍቱ ማሽኑን በጋቢ መሸፈን፣ መጥፋቱ ከሁለት ሰዓት ካለፈ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ከ15ኛው ቀን በኋላ ጽንሱ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ጋቢው የአየር ቀዳዳውን እንዳይሸፍን። መብራት ሲመጣ የቀረውን ለማካካስ ብሎ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ቅዝቃዜ ያዘገያል፣ 40 ዲግሪን ያለፈ ሙቀት ግን በጥቂት ሰዓት ይገድላል። ገና የሚገዛ ሰው የ12 ቮልት ባትሪ መሰኪያ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ማገላበጥን በተመለከተ በራሱ የሚያዞረው ማሽን በየሰዓቱ ያዘነብላል፤ ሞተሩ መሥራቱን ጠዋትና ማታ የትሪውን አቅጣጫ አይቶ ማረጋገጥ ነው። በእጅ ከሆነ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ይገላበጥ። ጎዶሎ ቁጥር የሆነበት ምክንያት እንቁላሉ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያድር ነው።

በ7ኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት ይታይ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ደም ሥር ካለ ሕይወት አለ። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው አውራ ያልነካው ነው። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ የሞተ ነው፤ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የእንቁላሉ መሰንበት ወይም የሙቀት መዘበራረቅ ነው። ሁለቱም ይውጡ፤ የገማ እንቁላል ማሽን ውስጥ ከፈነዳ ሌሎቹን ይበክላል።

በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል፣ እርጥበቱ ወደ 65 እና 70 በመቶ ይወጣል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የሚከፍት ሰው እርጥበቱን በአንዴ ያስወጣና ቅርፊቱን የበሳው ጫጩት ሽፋኑ ደርቆበት እንደታሰረ ይቀራል። ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ ለመውጣት 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ደሙንና አስኳሉን ወደ ሆዱ የሚስበው በዚያ ጊዜ ስለሆነ ቅርፊት ልጦ መርዳት ማድማት ነው። የወጡትም እስኪደርቁ ይቆዩ፤ የሳቡት አስኳል ለ48 ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። ቀን ሲቆጠር የገባበት ዕለት አይታሰብም፤ ሰኞ ማታ የገባ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ አሟልቶ አውራ ከነካው እንቁላል ከመቶ 70 እና 80 ያወጣ ሰው ጥሩ ሠርቷል። ከወጡት ግማሽ ያህሉ ወንድ መሆናቸውን ሻጭ አይናገርም፤ ለእንቁላል ብሎ የሚገዛ ሰው ከመነሻው ያስላው። የፈንግል ክትባትም በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ መሰጠት አለበት። ጠርሙሱ ለብዙ ጫጩት የሚበቃ ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቀመጥ ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ቢያስፈለፍሉ ይካፈሉታል።

ለአስመጪዎችና ለሻጮች የምናቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም፦ ከማሽኑ ጋር አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ይስጡ። ከፍታው፣ የሚዛኑ ስሌትና መብራት ሲጠፋ የሚደረገው ይጻፍበት። የግብርና ባለሙያዎችም ገጹን ለየወረዳቸው ከፍታ ቢያስተካክሉት የአዳማው ሰው በደብረ ብርሃን ልክ ውሃ አይጨምርም።

የጓሮ ዶሮ አርቢዎች፣ ከአዲስ አበባ