ስለዚያ ቁጥር፣ ለልጄ

ልጄ፣

ትናንት ስልክ ላይ ድምፅሽ ሲለወጥ ገባኝ። የበሽታዬን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ «ስንቶቹ 5 ዓመት ይኖራሉ» የሚለውን አንብበሻል። እኔም አንብቤዋለሁ። ስለዚህ አንደባበቅ።

የእኔ በሽታ ክትባት የተገኘለት የማህፀን ጫፍ ካንሰር አይደለም። ከማህፀን የውስጥ ሽፋን የሚነሳው ነው። አብዛኛው የዚህ ካንሰር ዓይነት ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ይድናል። የእኔ ግን ሴረስ የሚባለው ነው። ከ10 ታማሚ አንዷን ቢይዝ ነው። በማህፀን ሽፋን ካንሰር ከሚሞቱት ሁሉ ውስጥ ግን ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት በእሱ ነው የሚሞቱት። ክፉ ነው፤ ላቃልልልሽ አልፈልግም። የማህፀኑን ግድግዳ ሳይነካ እንኳ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊበተን ይችላል። ማህፀኔን ሲያወጡ ከንፍፊቶቼና ከሆዴ ሞራ ላይ ጭምር ናሙና የወሰዱት ለዚህ ነው።

አንቺ ያነበብሽው ቁጥር ግን ሁሉንም ደምሮ የያዘ ነው። ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቶ ሐኪም ቤት የደረሰችውም፣ ገና ማህፀኗ ውስጥ እያለ የተገኘላትም አንድ ላይ ተቆጥረዋል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ደረጃው ነው። ከዚያ ዕድሜ አለ፤ ወደ ግድግዳው ምን ያህል እንደገባ አለ፤ በጥቃቅን የደምና የሊምፍ ሥሮች ውስጥ መታየት አለመታየቱ አለ። የእኔ ከማህፀን አልወጣም። ንፍፊቶቹም ሞራውም ንጹሕ ናቸው።

የምርመራ ውጤቴን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ስልክልሽ «ሐኪሟ ደረጃ 1 ብላሽ አልነበር? እንዴት 2ሲ ሆነ? ተሰራጨ እንዴ?» ብለሽ ደነገጥሽ። አልተሰራጨም። እ.ኤ.አ. በ2023 አመዳደቡ ተቀይሯል። በድሮው ከግድግዳው ግማሽ በታች ከገባ 1ኤ ነበር። በአዲሱ ግን ክፉ ዓይነት ከሆነ፣ ግድግዳውን ትንሽም ቢነካ 2ሲ ይባላል። ካንሰሩ ያው ነው።

እዚያው ወረቀት ላይ ፒ53 የሚል አለ፤ ሴሎች ካንሰር እንዳይሆኑ የሚጠብቅ ዘረ መል (ጂን) ነው። የተበላሸው በዕጢው ውስጥ ብቻ ነው፤ የዘር ምርመራ ተደርጎልኝ ወደ አንቺ የሚተላለፍ ነገር አልተገኘም። እሱ ላይ አትጨነቂ። ፒ53 የተበላሸበት ዕጢ ኃይለኛ ቢሆንም በኬሞ፣ በካንሰር መድኃኒቱ፣ ይበገራል። ፖርቴክ-3 በተባለው ጥናት እንዲህ ያለ ዕጢ ካለባቸው ሴቶች ጨረር ብቻ ከወሰዱት፣ ሳይመለስባቸው 5 ዓመት የሞላቸው 36 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኬሞ የተጨመረላቸው ግን ወደ 59 በመቶ ደረሱ። ጣቶቼ ደንዝዘው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እያቃተኝም ኬሞውን የማላቋርጠው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አክስትሽ። የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመቷ ነው፤ ሰሞኑን ደም አየሁ ብላኛለች። «ትንሽ ናት፣ ትቆማለች» እያለች ነው። የእኔም ትንሽ ነበረች። አልትራሳውንዱ ላይ የማህፀኔ ሽፋን ቀጭን ነው፣ አያሰጋም ተባለ። ሐኪሜ ግን ደም ካየሽ ከሽፋኑ ናሙና ሳልወስድ አልሸኝሽም አለችኝ። እግዜር ይስጣት። እዚህ አሜሪካ ይሄ ክፉ ዓይነት በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ በማህፀን ካንሰር የሚሞቱትም ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ነው። አልትራሳውንድ ብቻውን ሊያሳልፈው ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሥራ አስፈቅደሽ አንቺው ራስሽ ውሰጃት። እሷ አፍራ ዝም ትላለች፤ አንቺ ተናገሪላት። አልትራሳውንድ ብቻ ተነስታ እንዳትመለስ፣ ናሙና ይወሰድላት በያቸው። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ።

እናትሽ