ከፊርማው በፊት ክሬዲቱ ይቆጠር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ስፖርተኞች ዝውውር ቀሏል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ደጋግሞ ቢቀይርም አንድ ዓመት ከውድድር ራቅ አይባልም። በተፈቀደው ጊዜ በጽሑፍ ሲጠይቅ ዩኒቨርሲቲው በ2 የሥራ ቀናት ስሙን በዝውውር መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ስሙ ከሰፈረ ግን የነፃ ትምህርት ድጋፉ ከተርሙ ማብቂያ በኋላ ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ልጆች ያሳዝኑኛል።

ትልቁ ወጥመድ ክሬዲት፣ ማለትም ተማሪው ላለፈው ኮርስ የሚቆጠርለት ነጥብ፣ ነው። የዲቪዚዮን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ተማሪ 3ኛ ዓመቱን ሲጀምር ከዲግሪው 40 በመቶ፣ በ4ኛው 60፣ በ5ኛው 80 በመቶ ማጠናቀቅ አለበት። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን «ተቀብያለሁ» ቢልም፣ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ከያዛቸው ለዲግሪው ላይቆጠሩ ይችላሉ፤ ያኔ ልጁ ልምምድ ቢሠራም መወዳደር አይችልም። ኮርስ በኮርስ የተቆጠረበትን ወረቀት ሳይዝ መፈረም የለበትም።

ክብደቱንም ያስላ። ከ125 እስከ 285 ፓውንድ ያሉት ምድቦች 10 ናቸው፤ በቡድን ግጥሚያ በየምድቡ የሚሰለፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቦታው ከተያዘ «ወደ 165 እወርዳለሁ» ማለት አያዋጣም፤ በሳምንት ከሰውነት ክብደት 1.5 በመቶ በላይ መቀነስ ክልክል ነው። 172 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ ይህ 2.6 ፓውንድ ግድም ነው።