ስለ ሸክላውና ስለ ፍላሹ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወቀሳውን ስትመጣ እቀበላለሁ። ለጥምቀት ስትመጣ ለአባባ የዘፈን ሸክላዎች ማጫወቻ ልታመጣ ማሰብህን፣ ደግሞ «ዘፈኑ ስልክ ላይ ካለ ምን ያደርጋል?» ማለትህን ሰማሁ።

ከመግዛትህ በፊት ሞተሩን እይ። እናንተ ዘንድ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ ጎንደር 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) የሚዞሩት የድሮ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ፍጥነታቸውን ከኸርዙ ስለሚወስዱ፣ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ 28 እንኳ አይሞላም። ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁም ሦስት ግማሽ ቶን ያህል ይወርዳል፤ ዘፋኟ እንደ ወንድ ትጎረንናለች። ስለዚህ አዳፕተሩ ላይ የሚያወጣው «ዲሲ» (ኸርዝ የሌለው ቀጥተኛ መብራት)፣ የሚቀበለው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኑር።

በንጽሕና ከሆነ ዲጂታሉ ይበልጣል፣ አልከራከርም። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት አኃዝ ይጽፋል፤ ኮሽታ የለው፣ ፍጭርጭርታ የለው። ችግሩ በቴሌግራም የሚዘዋወረው ያ አለመሆኑ ነው። ተጨምቆ እንደገና የተጨመቀ ፋይል ስሙን «320 ኪሎቢት» ብትለው የተቆረጠው አይመለስም፤ ጸናጽሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሁለቱን ስታወዳድር ድምፃቸውን እኩል አድርግ፤ ጆሮ ትንሽ ጮኽ ያለውን «የተሻለ» ይላልና።

ሸክላውን የሚያበላሸው አቧራና መርፌ ነው። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት አምራቹ የጻፈው ይሁን፣ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም። ሰው ለሸክላው አዝኖ ያቀልለዋል፤ ስሕተት ነው። የቀለለ መርፌ ቦዩ (ድምፁ የተቀረጸበት መስመር) ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይሸርፋል፣ «ሰ» እና «ሸ» ሲሉ የሚንኮሻኮሸውም ከዚያ ነው። ወደ መሃል ሲጠጋ ብቻ ከተንኮሻኮሰ ግን ክብደቱን ሳትነካ የመርፌውን አቅጣጫ አስተካክል። ስፒከሩ ያለማቋረጥ እምም ካለ ብዙውን ጊዜ ከማጫወቻው ወደ ማጉያው የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ስላልታሰረ ነው። ለማጠቢያ መኪና ባትሪ ከሚሸጡበት የተጣራ ውኃ ግዛ፤ አሲዱን እንዳይሰጡህ ብቻ! ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትለህ ጥረግ፣ በንጹሑ አለቅልቅ፣ መሃል ያለውን ወረቀት አታርጥብ። መብራት ሲጠፋም መርፌውን ወዲያው አንሣ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በፈረንጆች 1969 ሥራ የጀመረው ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ በነበረበት ዘመን የታተሙትን ትንንሾቹን 45ቶች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩትን) በየቀኑ አታጫውታቸው። አንዴ አጥበህ በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ልክ) ወደ ኮምፒውተር ቅዳቸው። ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሊቀዳ ከሚችለው ጣሪያ፣ 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ ዜሮን ካለፈ የተቆረጠው አይጠገንም። በደቂቃ 35 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ ፍላሽ ይበቃዋል። ኮሽታውን በሶፍትዌር ለማጥፋት አትቸኩል፣ አብሮት የከበሮው ምት ይሄዳል፤ መጀመሪያ የቀዳኸውን ሳትነካ አስቀምጥ። ለቡና ሰዓት ፍላሹ፣ ለእሑድ ሸክላው።

ሻንጣህ ውስጥ ሁለት ትርፍ መርፌ፣ ለ45ቱ ሰፊ ቀዳዳ የሚሆነውን ማጥበቢያና አንድ ትርፍ ቺንጋ አትርሳ።

ወንድምህ፣ ከጎንደር