በደረታቸው ለተኙት አጎቴ የከፈልኩት 8,500 ብር

ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለጨዋታ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፡- ያላግባብ የተወሰደብኝ ገንዘብ እንዲመለስና ያለፈቃድ የተለቀቀ ቪዲዮ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ለጥምቀት ከደብረ ብርሃን የመጡትን አጎቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ ማዕከላችሁ መጥቼ ነበር። ልጆቹ የመኪና ውድድር መረጡ። አጎቴ ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ሠራተኛችሁ «ፋዘር፣ አንተም ሞክር እንጂ፣ የጦርነት ጌም አለ» አላቸው። አጎቴ 75 ዓመታቸው ነው። «አንተ» መባላቸው የከነከነኝ እኔን ነው፤ እሳቸው ስቀው ተነሡ። ለ30 ደቂቃ 600 ብር ከፈልኩ።

ጌሙ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 ኖርማንዲ ላይ ከባሕር ሲወርዱ። ሠራተኛችሁ ጨዋታውን ዙሪያ ገባ ዓይን ሥር የሚያመጣውን የቪአር መነጽር አጠለቀላቸው፣ በእጅ የሚያዙትን መቆጣጠሪያዎች (ኮንትሮለሮች) አስያዛቸው፣ «እንደ እውነት አድርገህ ተጫወት» አላቸውና ስልኩን አወጣ። የተሰጣቸው ማብራሪያ ይኸው ነው።

አጎቴም እንደ እውነት ተጫወቱ። መለማመጃው ላይ የቀረበላቸውን ጠብመንጃ ገና ሲያዩት «ኤም ዋን!» ብለው ጮኹ። በ1962 ወታደር ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የተማሩት በእሱ ነበር፤ ያኔ የጃንሆይ ጦር ከአሜሪካ ያገኘው መሣሪያ ነው። ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ የመጨረሻው ሲተኮስ ጥይቶቹን አቅፎ የያዘው ብረት «ጥን» ብሎ ይፈናጠራል። ጌሙም ይህን ድምፅ አልረሳውም፤ ሲሰሙት ጥርሳቸው ተገለጠ። «ሰደፍ የለው፣ ትከሻዬ ምን ላይ ይደገፍ?» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ እንጂ ሌላው ሁሉ ተስማምቷቸዋል። ሲያጎርሱ ደግሞ በባዶ አየር ላይ አውራ ጣታቸውን ቶሎ ሰብሰብ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ይነክሳል» አሉኝ። ለካ መዝጊያው ተስፈንጥሮ ሲመለስ ጣት ይቀረጥፍ ኖሯል። ይህ ከቅሬታዬ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ምን ያህል ደስ ብሏቸው እንደነበር እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ከዚያ ጀልባው ደረሰ። ደጃፉ ሲወርድ ከኮረብታው ላይ መትረየስ ያርከፈክፍ ጀመር። አጎቴ በ1970 ካራማራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ያደረጉትም ያኔ ያደርጉት የነበረውን ነው። ወደ አንድ የብረት መሰናክል ተጠግተው በደረታቸው ተኙ። እናንተ ወለል ላይ፣ ለጥምቀት በተሰፋ ነጭ ሸሚዛቸው።

ሠራተኞቻችሁ ሦስት ሆነው ይጮኹባቸው ያዙ። «ተነስ ፋዘር! ዝም ብለህ ሩጥ! ብትሞትም ትነሳለህ!» አጎቴ ከተኙበት ቀና ሳይሉ «ሽፋን የሚሰጠኝ ማነው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልክድም።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከፊቱ በተገጠሙለት ካሜራዎች ዙሪያውን እያየ ነው። ሰው በግንባሩ ሲተኛ ካሜራዎቹ ወለል ላይ ይደፉና የሚያዩት ያጣሉ፤ ያኔ ምስሉ መንሳፈፍ፣ ራስም መዞር ይጀምራል። አጎቴን አዞራቸው። ለመነሣት ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ኮንትሮለሩ ከአግዳሚ ወንበራችሁ እግር ጋር ተላትሞ ተሰነጠቀ፤ ክርናቸውም ተላጠ። ወንበሩ እዚያ ምን ይሠራል? ከጨዋታው በፊት የመጫወቻው ክልል ይሰመራል፤ ተጫዋቹ ጠርዙ ጋ ሲደርስ መረብ የመሰለ አጥር ፊቱ ይደቀናል። ይህን ያስረዳኝ የ13 ዓመት ልጄ ነው። ሠራተኛችሁ ግን «ተጫዋች ይረብሻል» ብሎ አጥሩን እንዳጠፋው ራሱ ነግሮኛል። ጭራሽ መነጽሩን ሳይነግሯቸው ከኋላ መንጭቀው አወለቁባቸው። የተጫወቱት 11 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሒሳብ መክፈያው ጋ ስደርስ 8,500 ብር የኮንትሮለር ካሳ ተጠየቅኩ። «ፈርመሃል» ተባልኩ። የፈረምኩት ልጆቹን ሳስገባ ነው፤ ወረቀቱም ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መተኛት ክልክል ነው ያለን ማን ነበር? ተኝቶ መተኮስ የሚያስችል ጌም አቅርባችሁ የተኛውን ትቀጣላችሁ። ልጆቹ ፊት ላለመጨቃጨቅ ከፍዬ ወጣሁ።

ብሩስ ይሁን። በማግስቱ ማታ የአጎቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደውላ «አባዬን ቲክቶክ ላይ አየሁት» አለችኝ። በማዕከላችሁ ገጽ፣ የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበት፣ «ፋዘር ፈርቶ ተኛ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት። ፈርቶ! በዚያች ከሰዓት እየሮጡ ሲሞቱ፣ ተነሥተው ደግሞ ሲሞቱ ያየኋቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ አጎቴን ግን መነጽሩን እስኪነጠቁ ድረስ አንድ ጥይት አላገኛቸውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለአደባባይ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አጎቴን የጠየቃቸው የለም።

ስለዚህ ቪዲዮው ዛሬውኑ ከገጻችሁ እንዲነሳ፣ ከሠራተኞቹ ስልክም እንዲጠፋ፣ 8,500 ብሩና ያልተጫወቱበት የ19 ደቂቃ ሒሳብ 380 ብር እንዲመለስልኝ፣ ሠራተኛችሁም አጎቴን በአካል ይቅርታ እንዲጠይቃቸው እፈልጋለሁ። ሲጠይቃቸው «እርስዎ» ብሎ ይጀምር። ምላሽ ካጣሁ ጉዳዩን ለከተማው ንግድ ቢሮ አቀርባለሁ።

አጎቴ ቪዲዮውን አላዩትም፤ ስልካቸው ከመደወያ ሌላ አያውቅም። ለአስተርዮ ማርያም ለመድረስ ማክሰኞ ጥር 19 ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ይሳፈራሉ። እዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ቲክቶክ አለው። ከዚያ በፊት ይነሳ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢው
(ስሜና ስልኬ በተያያዘው ደረሰኝ ላይ አለ)