የመረጥኩት ሰማያዊ ሌላ፣ የቀባችሁት ሰማያዊ ሌላ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ በሌላ ቀለም ስለተቀባችው ቮልስዋገኔ

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም ላይ መኪናዬን ለሙሉ የቦዲና የቀለም ሥራ አስረክቤያችሁ ነበር። የተስማማነው በ140,000 ብር ነው። ግማሹን ያኔውኑ ከፍያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልረከባት መጣሁ። ቀሪውን ክፍያ ሳልፈጽም መኪናዋን ይዤ የወጣሁት በተቆጣጣሪያችሁ ፈቃድ ነው፤ “ወስደህ በፀሐይ እያትና እንነጋገራለን” ብሎኛል። በፀሐይ አየኋት። ይህን ደብዳቤም ለዚሁ ጻፍኩ።

መኪናዋን ምናልባት እርስዎ አላዩዋት ይሆናል። የ1967 ሞዴል ቮልስ ናት፣ ከአባቴ የወረስኳት። ያስረከብኳት ቀን ሥራ የሚመዘግበው ልጅ “1967” ስለው “ጃንሆይ የወረዱባት ናት እንዴ?” አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እውነቱን ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። የእኔዋ 1967 ግን የፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1959 መሆኑ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቅሬታዬ እሱ ላይ አይደለም። ያልኩትን ሁሉ በወረቀት አስፍሮታል። ቅጂው እጄ ላይ ስላለ ነው እንዲህ በድፍረት የምጽፈው።

በዚያ ወረቀት ላይ “ቀለም፦ ኤል 639፣ ዜኒት ብሉ። ከመቀባቱ በፊት ናሙና ለባለቤቱ ይታይ” ይላል። ይህች አንድ መስመር ምን ያህል እንዳደከመችኝ ልንገርዎት። ያለዚያ ቅሬታዬ የቅንጦት ሊመስልዎት ይችላል።

መኪናዋ ወደ እናንተ ስትመጣ ነጭ ነበረች። አባቴ ነው ያስቀባት። ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ላይ ግን የፋብሪካው ቀለም አልጠፋም። ሳቫና ቤዥ ነው፣ በኮዱ ኤል 620። ክላሲክ መኪና የሚወዱ ጓደኞቼ “ኦሪጅናሉን መልስ፣ አለቀ” አሉኝ። ክርክራቸው ይገባኛል። ባለቤቴ ግን ናሙናውን አይታ “የመሥሪያ ቤት መኪና መሰለች” አለች። ከዚያ በኋላ ቤዡን ባየሁ ቁጥር ጎኑ ላይ የመሥሪያ ቤት ስም ይታየኝ ጀመር።

ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ቀለሟ ይቀየር፣ ግን በዚያው ዓመት ፋብሪካው ራሱ ለቮልስ ይቀባ ከነበረው ውስጥ ይሁን። የዚያ ዓመት ምርጫ ብዙ አልነበረም። ሎተስ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሩቢ ቀይ፣ ጃቫ አረንጓዴ፣ ፎንታና ግራጫ፣ ሳቫና ቤዥ፣ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ። ልጄ የጠየቀኝ የሚያብለጨልጭ ሜታሊክ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ እሱ በአጭሩ ተቀጨ። ጥቁር ደግሞ ክፉ ነው። የላሜራውን ትንሽ ሞገድ፣ ያልተስተካከለውን ስቱኮ ሁሉ ያጋልጣል። ቀይ አማረኝ። ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፣ መኪናዬም የምታድረውም የምትውለውም ደጅ ነው። ቀይ ፀሐይ ላይ ቶሎ እንደሚደበዝዝ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ነጭ ለሽያጭ ጥሩ ነው አሉኝ። መች ልሸጣት ነው?

የቀሩትን አራት ቀለሞች በየኮዳቸው አስበጥብጬ፣ ደብተር በሚያህሉ ቁራጭ ላሜራዎች ላይ አስረጨኋቸው። ነሐሴ ወር ሙሉ ግቢው አጥር ላይ ተሰቅለው ከረሙ። ጠዋት አየኋቸው። እኩለ ቀን ላይ አየኋቸው። ዝናብ ሲያባራ፣ ሲመሽ፣ በበረንዳው አምፖልም አየኋቸው። ጎረቤቶች ቆርቆሮ ልሸጥ የተነሳሁ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ እናቴ ሰማያዊውን አንስታ “ይሄማ የአባትህ ካፖርት ነው” አለች። እውነትም ነው። ዜኒት ብሉ ደማቅ አይደለም። ግራጫ የነካካው፣ ረጋ ያለ ሰማያዊ ነው። አባቴ እንዲያ ዓይነት ካፖርት ነበረው፣ ለለቅሶም ለሠርግም የሚለብሰው። ነገሩ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ያንን ላሜራ ነው በእጄ ለዋናው ቀለም ቀቢያችሁ የሰጠሁት።

አሁን መኪናዬ ላይ ያለው ቀለም የታክሲ ሰማያዊ ነው። ላጋንን ፈልጌ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያንን ሰማያዊ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ትልቅ ሰውዬ በዱላቸው መስታወቱን መታ መታ አድርገው “ኮንትራት ስድስት ኪሎ ስንት ነው?” አሉኝ። በነጻ አደረስኳቸው፣ ምን ላድርግ? ሲወርዱ በሩ ሲከፈት የውስጡን ነጭ አይተው “ይኸው፣ ታክሲ አይደለህም ትላለህ!” አሉኝ።

ሁለተኛው ነገር ይኼው ነጩ ነው። የመኪና ቀለም ሲቀየር የበሩ ዙሪያ፣ የኮፈኑ ውስጥ፣ የበሮቹ ጠርዝ አብሮ መቀባት አለበት። ለዚያ ተብሎም ነው በሮቹና ኮፈኖቹ ይፈታሉ የተባለው፣ ዋጋውም የጨመረው። አልተፈቱም። በሩን ስከፍት ነጩ ይስቅብኛል። ፊት ኮፈኑን ስከፍት፣ ያው ቮልስ ናትና ሞተር ሳይሆን ዕቃ መጫኛው ነው፣ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ ብናኝ ያረፈበት ነው። ትርፍ ጎማዬ ሳይቀር ሰማያዊ ጤዛ ወርዶበታል።

ቮልስ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ፓራፋንጎውን፣ ከየእግሯ በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ላሜራ ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው። ከቦዲው ጋር በሚገናኙበት ላይ ቀጭን ጎማ አለ፣ እንደ ልብስ ጥልፍ ዙሪያውን የሚሄድ። ሲቀባ ፓራፋንጎው ይፈታል፣ ጎማው ይወጣል፣ ከቀለም በኋላ አዲስ ጎማ ይገባል። አዲሱን ጎማ እኔ ራሴ ገዝቼ በከረጢት አስረክቤያለሁ። እናንተ አሮጌው ጎማ ላይ ቀባችሁበት። ገና ሳምንት ሳይሞላው በግራ የኋላ ፓራፋንጎ በኩል ቀለሙ ተሰነጣጥቆ እየተላጠ ነው። ጎማ ይለጠጣል፣ ደረቅ ቀለም አይለጠጥም። ይህን ለማወቅ ቀለም ቀቢ መሆን አያስፈልግም። በግራው በር እጀታ ሥር ያለውን፣ እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ የደረቀውን ደግሞ ጣቴን ባሳለፍኩ ቁጥር አገኘዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ለተቆጣጣሪያችሁ ነገርኩት። ስለ ጎማውና ስለ ነጩ “እናስተካክላለን” አለኝ፣ ጥሩ። ስለ ቀለሙ ግን የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፈው፦ “ሊብሬው ላይ ‘ሰማያዊ’ ተብሎ ነው የሚሞላው። ሰማያዊ ቀባን። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው።”

አዎ፣ ሊብሬው ላይ ቀለም ይጻፋል፣ ሲቀየርም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ያን ጣጣ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ግን ሊብሬ የተሠራው ትራፊክ መኪናን እንዲለይበት ነው እንጂ ቀለም እንዲበጠበጥበት አይደለም። በዚህ ሒሳብ የሰውም መታወቂያ ላይ “ወንድ” ስለሚል ማንም ወንድ ቤቴ ሊገባ ነው።

ዋናው ቀለም ቀቢያችሁ ሌላ ምክንያት ሰጠኝ። በኮዱ ያልበጠበጠው ጊዜ ስላጠረው መሆኑን፣ ላሜራዬን እያየ በዓይኑ እንዳመሳሰለው፣ “እዚህ ስናየው ቁርጥ አንድ ነበር” ብሎ ነገረኝ። ውሸት ነው አልልም። የሠራው ማታ፣ በነጭ ረጅም አምፖል ሥር ነው። ሁለት ቀለሞች በአምፖል ሥር መንትያ መስለው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ባዕድ ይሆናሉ። ላይ ላዩን ቢመሳሰሉም የተሠሩበት ዱቄት የተለያየ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ሲለወጥ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይለወጣል። “ናሙና ይታይ” ብዬ ያስጻፍኩት ለዚህ ነበር። አንዲት ቁራጭ ላሜራ ረጭታችሁ፣ ደጅ አውጥታችሁ፣ ስልክ ብትደውሉልኝ ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ስልኬ ወረቀቱ ላይ አለ። አንድም ቀን አልተደወለም።

ከሁሉም ያበሸቀኝን ደግሞ ልናገር። ቅዳሜ “እስቲ ላሜራዬን አምጡና እናስተያይ” ስል ጠፋች ተባለ። እየዞርኩ ስፈልግ አንድ ወጣት ሠራተኛ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ስቱኮ ያሻል። የሚያሽባት ላሜራ የእኔዋ ናት። በአንዱ ጥግ ሁለት ጣት የምታህል ሰማያዊ ቀርታለች። ልጁ ምኑን ያውቃል፣ እሽበት ተብሎ የተሰጠው ቁርጥራጭ ነው። አልተቆጣሁትም። እዚያው ቆሜ ያቺን ሁለት ጣት ሰማያዊ ከመኪናዬ ጎን ጋር አስተያየሁ። ተቆጣጣሪው አጠገቤ ነበር። አየ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ነው “ወስደህ በፀሐይ እያት” ያለኝ።

የምጠይቀው ይህን ነው። መኪናዋ በኤል 639 እንደገና ትቀባ። ከመቀባቷ በፊት ናሙናውን ቀን፣ ደጅ፣ እኔ ባለሁበት እንየው። በሮቹ፣ ኮፈኖቹና ፓራፋንጎዎቹ ይፈቱ፣ የገዛሁት ጎማ ይግባ። የተበጠበጠበት መጠን የተጻፈበት ወረቀትም ይሰጠኝ፤ ነገ አንድ በር ቢጫር ከየት አምጥቼ አመሳስላለሁ? ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ብር አልከፍልም። ቀሪውን 70,000 ብር ግን ሥራው በስምምነታችን መሠረት ባለቀ ቀን እዚያው እከፍላለሁ። ይህን ማድረግ ካልፈለጋችሁ የከፈልኩትን መልሱልኝና ሌላ ቦታ ላሠራት።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 15 ቀን እጠብቃለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ መልስ ካጣሁ ወረቀቱንና ፎቶዎቹን ይዤ አቤት እላለሁ። ባልደርስበት እመርጣለሁ። የላሜራ ሥራችሁ ጥሩ መሆኑን ሳልናገር ማለፍም ደግ አይደለም። ዝገት የበላውን የወለሉን ክፍል ቆርጣችሁ የበየዳችሁበት ቦታ በእጅ ቢዳሰስ አይታወቅም። የበየደው ባለሙያ እጁ ይባረክ፣ እሱ ቢቀባት ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

መኪናዋን መቼ ላምጣት? በስልክ ብትነግሩኝ ይበቃል። ያቺን ላሜራም አትጣሉብኝ። ስቱኮውን እኔ እፍቀዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የ1967ቷ ቮልስ ባለቤት

አባሪ፦ የሥራ መቀበያው ወረቀት ቅጂ፣ የቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ ቅጂ፣ በቀን ብርሃን የተነሱ 6 ፎቶዎች