በር ለሚያንኳኳው ልጄ

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

ትናንት ማታ በስልክ ልነግርህ ጀምሬ እንባ ስለቀደመኝ ዘጋሁብህ። አትቀየመኝ። በጽሑፍ ይሻለኛል። አማርኛው ከከበደህ ቀስ ብለህ አንብበው፤ ያልገባህ ቃል ካለ ደውልልኝ።

ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ልወዳደር ነው ያልከኝ ቀን ዝም ያልኩት ደስ ስላላለኝ አልነበረም። ደንግጬ ነው። ወታደርና ፖለቲካ በአንድ አፍ ሲጠሩ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። በ1967 ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ያደግኩት በእነሱ ዘመን ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ፤ አጎትህን የወሰዱት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ይህን በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ማታ ነበር፣ እራት ላይ ነን። በሩ ተደበደበ። አባቴ ገና መቀርቀሪያውን ከማንሳቱ ገፍተውት ገቡ፤ ሁለቱ የቀበሌ ሰዎች፣ አንዱ ጠመንጃ የያዘ። ወንድሜ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነው ይዘውት የወጡት። «ይመለሳል፣ አትጨነቁ» አሉን። አልተመለሰም። ሬሳም፣ ወረቀትም አልመጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትል ነበር።

እንግዲህ አንተ በ19 ዓመትህ ሳትነግረኝ አርሚ፣ የአሜሪካ ጦር፣ ለመግባት ፈርመህ ስትመጣ ሦስት ቀን ያላናገርኩህ ለዚህ ነው። አፍጋኒስታን በነበርክበት ጊዜ ደግሞ ስልኬን ትራሴ ሥር እያደረግኩ ነበር የማድረው። ደህና መጣህልኝ፣ ስሙ ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን ስለዚያ ነገር አላወራኸኝም፣ እኔም አልጠየቅኩህም። እንዲህ ሆነን እዚህ ደረስን።

ባለፈው ቅዳሜ ፊርማ ልትሰበስብ ስትወጣ አብሬህ የመጣሁት፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነበር። 125 መራጮች ካልፈረሙልህ ስምህ ለፓርቲው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ እንደማይቀርብ፣ ከሚፈርሙትም የሚሰረዝ ስለሚኖር 200 እንደምትፈልግ መኪና ውስጥ ስትነግረኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ብርዱ! እስክሪብቶው እምቢ ሲልህ በትንፋሽህ እያሞቅክ ነበር የምታስፈርመው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። አንድ በር ታንኳኳና ወዲያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። እጆችህን ሰው በሚያያቸው ቦታ ታደርጋለህ። ኮፍያህን ታወልቃለህ። «ለምንድነው?» ብልህ፣ «ከውስጥ ያለው ሰው እንዳይደነግጥ ነው፣ እማ» አልከኝ።

ዞር ብዬ ያለቀስኩት ያኔ ነው። አንተ ብርዱ መስሎህ መኪና ውስጥ ግቢ አልከኝ። የእኔን ቤት በር የገፉት ሰዎች አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አላሉም ነበር። ወታደር የነበረ ልጄ በሰው ደጃፍ ቆሞ፣ ከፈለጉ ብቻ እንዲከፍቱለት ሲጠብቅ አየሁ። አንዷ ሴትዮ በመስኮት አይታህ መጋረጃውን ዘጋችው፤ አመስግነህ ሄድክ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለመወዳደርህ አንድም ጥርጥር የለኝም።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል፣ የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው። የቬትናም ዘማች መሆኑን የሚናገር ኮፍያ ያደረገውን ሽማግሌ አስታወስከው? አርሚ እንደነበርክ ስትነግረው ፊቱ በራ፤ ስላገለገልክ አመሰገነህ፣ አንተም አመሰገንከው፣ ፈረመ፣ በሩ ተዘጋ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እኔ ግን እጁን እያየሁት ነበር። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ወርዷል። አንተም አይተኸዋል፣ ሜዲክ፣ የጦር ሜዳ አካሚ፣ ነህና ሳታየው አትቀርም። ግን ቀጣዩ ቤት እየጠበቀህ ነበር። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ማቆያ እንዲህ ያሉ አባቶች አሉ። ቬትናም ዘምቶ ፓርኪንሰን፣ ያ የሚያንቀጠቅጠው ሕመም፣ ለያዘው ሰው ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ ሕመሙን በጦርነቱ ከተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ከሚባል መርዝ ጋር አያይዞ ካሳ እንደሚከፍል ያወቅኩት ከእነሱ ቤተሰቦች ነው። ያ ሽማግሌ የያዘው እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይህ መብት እንዳለ ያውቅ እንደሆነም አልጠየቅነውም።

የደንብ ልብስህ በር ያስከፍትልሃል፣ ጨዋታውን ግን ያሳጥረዋል። አመስግነውህ ይገባሉ። ሜዲክ ሳለህ አንድ ሰው ወድቆ ስትደርስ የመጀመሪያው ቃልህ ምን ነበር? «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ማለት አልነበረም? እኔ የአርሚ ሥራህን የማውቀው በዚህች ቃል ነው፤ ሌላ ምንም አልነገርከኝም። በየደጁም በእሷ ጀምርልኝ። ማዕረግህ ከተጠየቅክ በኋላ ይድረስ።

ፎቶውንም እንዲሁ። የደንብ ልብስ ለብሰህ የተነሳኸውን በትልቁ እናውጣው ብለውሃል አሉ። አንተው ነህ የነገርከኝ፤ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ደንብ ተጠባባቂ ወይም ጡረተኛ ወታደር የሆነ ተወዳዳሪ እንዲህ ያለውን ፎቶ ዋናው ማስታወቂያ እንዲያደርገው አይፈቅድም፤ ሲጠቀምበትም መሥሪያ ቤቱ ይደግፈዋል ማለት እንዳልሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ደንቡ ባይኖርም እኔ ባልወደድኩት። ባለፈው ክረምት እኔ ቤት ጓሮ፣ እጅጌህን ሰብስበህ አጥሩን ስትጠግን የተነሳኸው ይሻላል።

ለምን እንደምትወዳደር ሲጠይቁህ ደግሞ «ሀገሬን ማገልገል እወዳለሁ» ብለህ አትለፈው። እውነተኛውን ንገራቸው። ከአርሚ ስትወጣ በጦር ሜዳ የሰው ደም ያስቆመ እጅህ ፈቃድ የለውም ተብሎ፣ ከእኔ ጋር አንድ ማቆያ ውስጥ አንሶላ ስትቀይር ከረምክ። ሥራው ክቡር ነው፣ እኔ 20 ዓመት እንጀራዬን በልቼበታለሁ። አንተ ግን ማታ ማታ ዝም እያልክ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዝምታህን ፈርቼው ነበር። የጨነቀው የቀድሞ ወታደር የሚደውልበት የቪኤ ስልክ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የግዛታችን ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ ሜዲኮች በሐኪም ክትትል ሥር እየሠሩ ፈቃዳቸውን እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ ወጣ። የዚያን ቀን ወጥ ቤት ቆመህ «እማ፣ ይህን የሚያክል ነገር በቃ አንድ ሕግ ነበር የጎደለው» ያልከኝን አልረሳውም። ምርጫው የተጀመረው ያኔ ነው፣ ለእኔ። እሱን ተናገር።

የማትችለውንም ንገራቸው። ሰው ስለ ቪኤ ሆስፒታል ወረፋ ያማርርልሃል፤ እሱ የፌዴራል ነው፣ የሪችመንድ ምክር ቤት አያዝበትም። እዚያ የሚወሰነው ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ለድሆች ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ሙሉ በሙሉ አካል ጉዳተኛ የሆነ ዘማች ከቤት ግብር ነፃ የሚሆንበት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነውን ጥቀስላቸው። በአገልግሎት ላይ የሞቱ ወይም 90 በመቶና ከዚያ በላይ የተጎዱ ወታደሮች ልጆችና የትዳር ጓደኞች በቨርጂኒያ የመንግሥት ኮሌጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበት ፕሮግራም ላይ በበጀቱ ውስጥ ገደብ ተጨመረበት። ቤተሰቦቹ ተነሡ፣ ሪችመንድ ድረስ ሄደው ተሟገቱ፣ ሐምሌ ላይ ገደቡ ተነሣ። በዚህ ግዛት ከ600 ሺህ በላይ የቀድሞ ወታደሮች አሉ፤ ስንቱ ቤት ያን ሰሞን እንቅልፍ እንዳጣ አስበው። ከ100 መቀመጫ በአንዱ ላይ የተቀመጠ ሰው በጀቱን ገጽ በገጽ ቢያነብ ኖሮ ያ ሁሉ ልቅሶ ባልመጣ ነበር እላለሁ። አንተ አንብበው። ሌላ ምንም ባትሠራ እሱን አንብበው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልህም። ለብዙ ዓመታት 17,640 ዶላር ሆኖ የቆየ የዓመት ደመወዝ ቤት እንደማያቆም ሚስትህም ታውቃለች፤ ተነጋግራችሁበታል፣ ጨርሻለሁ። ጉባኤው ሲቀመጥ ልጁን እኔ ከትምህርት ቤት አመጣዋለሁ። ለኃላፊዬ ከአሁኑ ነግሬአታለሁ።

ቅዳሜ ከሥራ የምወጣው በ8 ሰዓት ነው። ፊርማ ማሰባሰቢያውን ያዝልኝ፣ ወፍራሙን ካልሲም። መጀመሪያ ግን ወደዚያ ሽማግሌ ቤት እንመለሳለን። እሱ ፈርሟል፣ አውቃለሁ። አንተ ታንኳኳለህ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለህ፣ ሲከፍት ስለ እጁ ትጠይቀዋለህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።

የምትወድህ እናትህ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ